በሌላ ዘመን ብወለድ ኖሮ እኔው እሆን ነበር?

የአንባቢ ደብዳቤ

«29 ዓመቴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ያለ ዘመኔ የተወለድኩ ይመስለኛል። ጩኸቱ፣ ጥድፊያው፣ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ማቀርቀሩ ያደክመኛል። ከ300 ዓመት በፊት ብወለድ ኖሮ የተረጋጋሁ፣ ራሴን የሆንኩ ሰው እሆን ነበር እላለሁ። በቅርቡ ይህንኑ ለታላቅ ወንድሜ ስነግረው ‹ያን ጊዜ የምትወለደዋ አንቺ አትሆኚም፤ አንቺ የዘመንሽ ውጤት ነሽ› አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ነገሩ እየተመላለሰ እንቅልፍ ይነሳኛል። ዘመኑ ከእኔ ላይ ቢነሳ የሚቀር ነገር የለም ማለት ነው? ነፍሴስ? ፈጣሪ በሌላ ዘመን ሊልካት አይችልም ነበር? እባካችሁ በደፈናው አታጽናኑኝ፤ የሚታወቀውን ንገሩኝ።»

ያለ ዘመኗ

መልስ

ውድ እህታችን፣

ወንድምሽ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ነገር ነው የተናገረው። «ያን ጊዜ የምትወለደዋ አንቺ አትሆኚም» ያለው፣ በእኛ እምነት፣ ልክ ነው። «አንቺ የዘመንሽ ውጤት ነሽ» ያለው ግን ከዚያ አይከተልም። እንዲያውም የመጀመሪያው ልክ የሆነበት ምክንያት በጥሞና ሲታይ ሁለተኛውን ያፈርሰዋል። እንቅልፍ የነሳሽ የሁለቱ መቀላቀል ይመስለናልና ለያይተን እንያቸው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ኋላ የሚሄደው ማን ነው?

«ከ300 ዓመት በፊት ብወለድ» ሲባል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊታሰቡ ይችላሉ። አንደኛው፣ የዛሬዋ አንቺ ከነትዝታሽ፣ ከነቋንቋሽ፣ ከነ29 ዓመት ኑሮሽ ድንገት እዚያ ዘመን ላይ ብትገኚ ነው። ሁለተኛው፣ ከእናትሽ ማኅፀን የወጣችው ሕፃን በዚያው ዕለት ተወስዳ በዚያ ዘመን ሰዎች እጅ ብታድግ ነው። ሦስተኛው፣ በዚያ ዘመን ከኖሩ አባትና እናት እዚያው ተፀንሰሽ ብትወለጂ ነው።

መልሱ ለሦስቱ አንድ አይደለም። በመጀመሪያው ያለ ጥርጥር አንቺው ነሽ፤ ግራ የተጋባሽ፣ መግቢያ መውጫው የጠፋብሽ አንቺ። በሁለተኛውም አንቺው ነሽ፤ ነገር ግን ዛሬ ብታገኚያት እንግዳ የምትሆንብሽ ዓይነት ሰው ሆነሽ ታድጊያለሽ። በሦስተኛው አንቺ የለሽም። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በአፉ ሦስተኛውን እየጠየቀ በዓይነ ሕሊናው የሚያየው የመጀመሪያውን ነው። ያችን የተረጋጋች ሴት ስታስቢ ጸጥታውን ማን እያጣጣመው እንደሆነ ልብ በዪ። የዛሬውን ጩኸት የምታውቂው አንቺ ነሽ። እዚያው ተወልዳ እዚያው ያደገች ሴት ግን የምታነጻጽርበት የላትምና ጸጥታው ለእሷ ጸጥታ ሆኖ አይሰማትም፤ እንዲያው የዘወትር ቀን ነው።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒትዝ በ1686 ይህንኑ ስሕተት በአንድ ምሳሌ አሳይቶታል። አንድ ሰው በድንገት የቻይና ንጉሥ ይሁን፤ ግን አዲስ እንደተወለደ ያህል የነበረውን ሁሉ ይርሳ። ይህ ሰውዬው ጠፍቶ በዚያው ቅጽበት ቻይና ውስጥ ሌላ ንጉሥ ከመፈጠሩ በምን ይለያል? ሰውዬው ይህን ለራሱ የሚመኝበት ምክንያት የለውም አለ ላይብኒትዝ። አንቺም የተመኘሽው እረፍት ላንቺ የሚደርስሽ ይህን ሁሉ እያስታወስሽ ከሄድሽ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ መወለድ ሳይሆን መጓዝ ነው።

መነሻሽ

ሦስተኛዋ ሴት ለምን አንቺ አትሆንም? አሜሪካዊው ፈላስፋ ሶል ክሪፕኪ በ1970 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ባደረጋቸው ሦስት ንግግሮች ውስጥ አንድ ጥያቄ አነሣ፦ የእንግሊዟ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ ከሌላ አባትና እናት ልትወለድ ትችል ነበር ወይ? ዙፋን ላይ ባትወጣ፣ ድሃ ሆና ብትኖር፣ ስሟን ማንም ሳያውቀው ብትሞት ብሎ ማሰብ አይከብድም፤ ያችው ሴት ሌላ ዕጣ ገጠማት እንላለን። ከሌላ ባልና ሚስት፣ ከሌላ የዘር ሕዋስና ከሌላ እንቁላል የተገኘች ሴት ስናስብ ግን፣ መልኳ ቁርጥ ንግሥቲቱን ቢሆን እንኳ፣ ያሰብነው እሷን የምትመስል ሌላ ሴት ነው። ከተነሣንበት ሌላ መነሻ ሊኖረን አይችልም ማለት ነው። ይህ በቤተ ሙከራ የሚረጋገጥ ነገር አይደለም። ጥንካሬው ተቃራኒውን ለማሰብ ስትሞክሪ ነው የሚታየው፤ «ያቺ ሌላዋ እኔ ነኝ» የሚለውን ንግግር እውነት የሚያደርገው ምን እንደሆነ መናገር ያቅታል።

መነሻው ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ለማየት የሥነ ሕይወቱን ቁጥር እንይ። እያንዳንዱ የዘር ሕዋስ፣ እንቁላልም ጭምር፣ ከ23 ጥንድ ክሮሞዞሞች (ዘረመልን፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረሰውን መረጃ፣ ከሚሸከሙ ክሮች) አንዳንዱን ይዞ ይወጣል። የቱ ከየትኛው ጋር እንደሚወጣ 8,388,608 ዓይነት አሰላለፍ አለ፤ ይህ ክሮሞዞሞቹ ቁራጭ ሲለዋወጡ የሚፈጠረውን ልዩነት ሳንቆጥር ነው። የእናትሽንና የአባትሽን ስናባዛው ከ70 ትሪሊዮን ያልፋል። ከአባትሽ በኩል የመጣው ሕዋስ ተሠርቶ ለመጠናቀቅ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ፈጅቶበታል፤ በአንድ ጊዜ ከሚለቀቁት በአሥር ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ወይም ከመቶ ሚሊዮን ከሚያልፉ ሕዋሳት አንዱ ነበር፤ በእናትሽ አካል ውስጥ ሊኖር የሚችለውም ቢበዛ 5 ቀን ገደማ ነው። እንቁላሏ ከወጣች በኋላ ያላት ዕድሜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ነው። የእናትሽ ድርሻ ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለው፤ ያቺ እንቁላል መሠራት የጀመረችው እናትሽ ራሷ ገና በአያትሽ ማኅፀን ሳለች ነው። እንግዲህ ከመነሻሽ ግማሹ ለዓመታት ሲጠብቅ ኖሯል፤ ግማሹ የጥቂት ሳምንታት ሥራ ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ዴሬክ ፓርፊት በ1984 ከዚህ ተነሥቶ የደረሰበት ድምዳሜ ግልጽ ነው፦ ሰው ከተፀነሰበት ጊዜ በአንድ ወር ገደማ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ኖሮ በተጨባጭ የሚወለደው ሌላ ልጅ ነበር። አንድ ወር ይህን ካደረገ 300 ዓመት የሚያደርገውን አስቢ። አንቺን ብቻ ወደ ኋላ መሳብ አይቻልም፤ ወላጆችሽም፣ የእነሱም ወላጆች አብረው መሳብ አለባቸው። 10 ትውልድ ወደ ላይ ስንቆጥር በዘር ሐረግሽ ላይ 2,046 ቦታ አለ፤ አንዱ ሰው ሁለት ቦታ ላይ እየተገኘ የሰዎቹ ቁጥር ከዚህ ሊያንስ ይችላል። እያንዳንዳቸው ከዚያችው እንቁላልና ከዚያው የዘር ሕዋስ መፀነስ ነበረባቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ዘረመሌ እንዳለ በአጋጣሚ በ1725 ቢገጥምስ?» ይላል። ከአንድ ሽል የተከፈሉ መንታዎች መልሱን ይሰጡናል። ዘረመላቸው አንድ ነው፤ ሰዎቹ ግን ሁለት ናቸው፤ አንዷ ብትሞት ሌላዋ ስላለች ሞት አልደረሰም አንልም። ያቺ የ1725 ሴት የዘረመልሽ ግልባጭ ብትሆን 300 ዓመት የቀደመችሽ መንታሽ ትሆናለች እንጂ አንቺን አትሆንም። መንታዎቹ የሚከፈሉት ከተፀነሱ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ስለሆነ የሰውን መጀመሪያ ከፅንሰቱ ቅጽበት ወደዚያ የሚገፉ ፈላስፎች አሉ። ቢገፋም ለጥያቄሽ መልሱ አይለወጥም።

ታዲያ የመወለጃ ዘመን ጨርሶ ሊለወጥ አይችልም? ይችላል። ከማኅፀን ውጭ ተፀንሰው በ1992 በፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀዝቅዘው የተቀመጡ ሽሎች በ2022 መንታ ሆነው ተወልደዋል። እነዚያው ሽሎች ሳይቆዩ ማኅፀን ገብተው ቢሆን ኖሮ እነዚያው ልጆች ከ30 ዓመት በፊት ገደማ ይወለዱ ነበር። በእጅ ስልክ ሳይሆን በመስመር ስልክ እየተደዋወሉ ያድጉ ነበር፤ ዛሬ የራሳቸው ልጆች ሊኖሯቸው ይችል ነበር። የሚያስታውሱት ሁሉ፣ የሚወዱት ሙዚቃ፣ ጓደኞቻቸው፣ ሥራቸው ሌላ በሆነ ነበር። ሰዎቹ ግን እነሱው ናቸው።

ይህ ምሳሌ የወንድምሽን ሁለተኛ ንግግር ይመልሳል። አንቺ አንቺ የሆንሽው በመነሻሽ ነው፤ መነሻሽ ደግሞ ስለ ጠባይሽ፣ ስለ ምርጫሽ፣ ስለ ቋንቋሽ ገና አንዳች አይናገርም። ስለዚህ ዘመን ስለ ራስሽ ከምታውቂው አብዛኛውን ሊለውጥ ይችላል፤ አንቺነትሽን ግን ከአንቺ አይወስደውም። ያንኑ ሁሉ ለሌላ ሰው ቢሰጠውም ያ ሰው አንቺን አይሆንም። «ዘመኑ ቢነሳ ምን ይቀራል?» ብለሻል፤ የምትቀሪው አንቺ ነሽ፤ ሌላ ዘመን የሚያሳድግሽ አንቺ።

ወንድምሽ «የደረሰብሽ ሁሉ ተደምሮ ነው አንቺን ያደረገሽ፤ አንዱ ቢጎድል አንቺ አትሆኚም» ብሎ ይገፋበት ይሆናል። ላይብኒትዝም ወደዚሁ አስተሳሰብ ያዘነብል ነበር። ዋጋውን ግን ጠይቂው። እንደዚያ ከሆነ «ትናንት በጊዜ ብተኛ ኖሮ ዛሬ አልደክምም ነበር» የሚለው ንግግር ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ይሆናል። ጸጸትም «ለጥቂት ተረፍኩ» ማለትም ትርጉም ያጣሉ። ሁላችንም በየቀኑ ራሳችንን በሌላ ሁኔታ ውስጥ እናስባለን፤ ያንንም ስናደርግ ስለ ራሳችን እያሰብን መሆኑ አይጠፋንም።

ነፍስስ?

ነፍስ ከሥጋ ተለይታ ያለች፣ ፈጣሪም ከፈለገው ሥጋ ጋር ሊያገናኛት የሚችል ናት ብለሽ የምታምኚ ከሆነ፣ የ1725ቷ ሴት አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ። ይህ እርስ በርሱ የማይጋጭ አቋም ነው፤ የሕዋስ ቆጠራ አያፈርሰውም። ሁለት ነገር ብቻ አብረሽ መዝኚ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1694 በታተመ ጽሑፉ አንድ ሰው ነፍሱ በጥንታዊው የግሪክ ተረት በሚተረከው የትሮይ ጦርነት ጊዜ የንጉሡ የኔስቶር ነፍስ እንደነበረች ቢያምን ምን ይከተላል ብሎ ጠይቋል። ኔስቶር ካደረገው አንዱንም እንደ ራሱ አድርጎ ካላወቀው፣ ነፍሷ አንዲት ብትሆንም ሰውዬውና ኔስቶር አንድ ሰው አይደሉም አለ። ሁለተኛው ከሃይማኖት ሊቃውንት ወገን ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቶማስ አኩዊናስ ነፍስ የዚያው የራሷ ሥጋ ሕይወት እንጂ ልብስ እንደሚለውጥ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው የምትዘዋወር አይደለችም ብሎ አስተምሯል፤ «ነፍሴ እኔ አይደለችም» ብሎም ጽፏል። እንግዲህ በነፍስ ማመን ብቻውን ለጥያቄሽ አንድ መልስ አያስገድድም። የእምነትሽ መምህራን ነፍስና ሥጋን እንዴት እንደሚያያይዙ ጠይቂያቸው፤ ነገሩ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው።

ዘመን የሚሠራው ምን ያህል ነው?

ብዙ ነው፤ ወንድምሽ ይህን በማለቱ አልተሳሳተም። ሕፃን በስድስት ወሩ ገደማ በዙሪያው የማይነገሩ ቋንቋዎችን ድምፆች ጭምር ይለያል፤ ዓመት ሊሞላው ሲል ጆሮው ለሚሰማው ቋንቋ ይቃናና የሌላውን ብዙ ልዩነት መለየት ይተዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ ይህን በ1984 አሳይተዋል። የምታስቢበት ቋንቋ መያዝ የሚጀምረው ገና ምንም ማስታወስ ሳትችዪ ነው ማለት ነው። ወደ ጥቃቅኑም እንውረድ። የኔዘርላንዱ ሳይንቲስት ሁይገንስ በ1656 የፔንዱለም (በሚወዛወዝ ዘንግ የሚቆጥር) ሰዓት ከመሥራቱ በፊት ሰዓቶች በቀን ብዙ ደቂቃ ያዛንፉ ስለነበር «5 ደቂቃ አረፈድኩ» ብሎ መጨነቅ የሚቻልበት መሠረት እንኳ አልነበረም። ፎቶግራፍ ለሕዝብ የተዋወቀው በ1839 ነው፤ ከዚያ በፊት የኖረ ሰው፣ ሠዓሊ ካልሣለው በቀር፣ ካደገ በኋላ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ ምን ይመስል እንደነበር መልሶ ማየት አይችልም ነበር። አንቺ ስለ ራስሽ ካለሽ ሥዕል ስንቱ ከፎቶግራፍ የመጣ እንደሆነ እስቲ አስቢው።

«ጠባይ ግን በዘር የሚወረስ ነው፤ ያ ይከተለኛል» የሚል ሐሳብ ይመጣልሻል። እዚህ ላይ አንድ ቁጥር በተደጋጋሚ በስሕተት ይነገራል። የመንታ ጥናቶች በሰዎች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ከ40 እስከ 50 በመቶ ያህሉ ከዘረመል ልዩነት ጋር እንደሚያያዝ ያሳያሉ። ይህ ማለት የአንቺ ጠባይ ግማሹ ከዘር፣ ግማሹ ከዘመን ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ሕዝብ መካከል ስላለው ልዩነት ነው፤ ስለ አንድ ሰው አይናገርም፤ ወደ ሌላ ዘመንም አይሻገርም። ቁመትን ተመልከቺ። ከማንኛውም ባሕርይ ይልቅ ከዘር ጋር ከተያያዙት አንዱ ነው። ሆኖም የኔዘርላንድ ወንዶች አማካይ ቁመት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከነበረበት 165 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተነሥቶ ዛሬ 183 ገደማ ደርሷል። ዘረመሉ በዚህ ፍጥነት አይለወጥም፤ የተለወጠው አመጋገቡ፣ ሕክምናውና ኑሮው ነው። ቁመት ይህን ያህል ከሄደ ዓይናፋርነትና ትዕግሥት ባሉበት ይቆማሉ ብሎ መተማመን አይቻልም።

አሁን ወረቀት አውጪ

ሐሳቡ በጭንቅላትሽ ውስጥ ከሚሽከረከር በወረቀት ብትሠሪው ይሻላል። በ1954 ማንፍሬድ ኩንና ቶማስ ማክፓርትላንድ የተባሉ የማኅበረሰብ ተመራማሪዎች ያወጡት ቀላል መጠይቅ አለ፤ «እኔ ማን ነኝ?» ለሚለው 20 መልስ መጻፍ ነው። አንቺም «እኔ…» ብለው የሚጀምሩ 20 መስመሮች ሳትሰርዢ ጻፊ። መጀመሪያ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ማንም ሊያረጋግጣቸው የሚችሉ ናቸው፦ እህት፣ ሠራተኛ፣ የዚህ እምነት ተከታይ። መሐል ላይ እጅሽ ይቆማል። እዚያ ላይ አታቁሚ፤ ለዚህ ሥራ የሚፈለጉት ከዚያ በኋላ የሚመጡት ናቸው።

ከዚያ በየመስመሩ አጠገብ ከሦስት ቃላት አንዱን አስቀምጪ። ከማን እንደተወለድሽ የሚናገረውን «መነሻ» በዪው። ያለዚህ ዘመን ሊሆን የማይችለውን «ዘመን» በዪው። ነገሮችን የምትይዢበትን መንገድ የሚናገረውን «አያያዝ» በዪው። ሰው የሚሰናከለው ሁሉንም «ዘመን» ብሎ በመጨረስ ነው። «እኔ የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ» ብለሽ ጽፈሽ ከሆነ አንድ ደረጃ ወደ ታች ውረጂ፤ ምናልባት ከሥሩ «አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ሳላውቅ አላርፍም» የሚል አለ። አንድ ደረጃ ብቻ ነው የሚወረደው። ከዚያ ከወረድሽ «ሰው ነኝ» የሚለው ላይ ትደርሺያለሽ፤ እሱ ደግሞ ለማንም ይሆናል። «አያያዝ» ያልሽውንም የማይነካ አድርገሽ አትቁጠሪው፤ ጥያቄ የምታበዛ ልጅ የምትገሠጽበት ቤት ውስጥ ያቺው ልጅ ዝምተኛ ሆና ልታድግ ትችላለች።

የግብረ ገብ መስመሮች በጣም ይከብዳሉ። «እኔ ሰውን ከሰው አላበላልጥም» ብለሽ ጽፈሽ ይሆናል። በሁለተኛው ዓይነት ጉዞ፣ ሕፃን ሆነሽ ባሪያ በሚሸጥበት ቤት ብታድጊ፣ ነገሩን እንደ ተፈጥሮ ሥርዓት መቀበልሽ በጣም የሚያስኬድ ግምት ነው፤ በየዘመኑ አብዛኛው ሰው እንዲሁ ነበርና። ይህ ዛሬ የምታምኚበትን ሐሰት አያደርገውም። ያላደረግሽውም ኃጢአት አይቆጠርብሽም። ዛሬ ሁላችንም ሳንጠይቅ የምንቀበለው ምን አለ ብሎ ለመመርመር ግን በቂ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የ1725ቷን ሴት በእውነተኛው ቁጥር አስቢያት። አንዲት ሴት ብቻ አታስቢ፤ አሥር አራስ ሕፃናት አስቢ። ዘመናዊ ሕክምና ከመምጣቱ በፊት ከሚወለዱት ሩብ ያህሉ ዓመት ሳይሞላቸው፣ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ደግሞ ለአካለ መጠን ሳይደርስ ይሞት ነበር። እንግዲህ ከአሥሩ ሁለቱ ወይም ሦስቱ የመጀመሪያ ልደታቸውን አያዩም፤ አምስት ያህሉ ብቻ ያድጋሉ። ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ፣ በ1820 አካባቢ፣ በዓለም ላይ ማንበብና መጻፍ የሚችለው አዋቂ ከአሥር አንድ ገደማ እንደነበር ይገመታል፤ ስለዚህ ከአምስቱ አንዷ እንኳ ላታነብ ትችላለች። አብዛኞቹ ከንጋት እስከ ምሽት መሬት ይሠራሉ። በደብዳቤሽ ውስጥ ያለችው ሴት ከአሥሩ የትኛዋ ናት? በዘፈቀደ አንዷን ምረጪና ቀኗን ከጠዋት እስከ ማታ ጻፊው። ምናብ የሚያታልለው ሁልጊዜ የተረፈችውን፣ የተማረችውንና ጊዜ ያላትን መርጦ ስለሚያቀርብ ነው።

ይህን ስንል ናፍቆትሽ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ስለ ራስሽ እውነተኛ ነገር ይነግርሻል፤ አድራሻውን ብቻ ነው የሳተው። ጩኸት፣ ጥድፊያና ያቀረቀረ ሰው ብለሽ የጻፍሽው ሦስት የተለያየ ቅሬታ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአብዛኛው የቦታና የሰዓት አደላደል ጉዳዮች ናቸው፤ ሦስተኛው የሰው ናፍቆት ይመስለናል። አንዱን ብቻ ምረጪና ለሁለት ሳምንት ለውጪው፦ ለምሳሌ በየምሽቱ አንድ ሰዓት ያለ ስልክ፣ ወይም በሳምንት ሁለት ቀን ከአንድ ሰው ጋር ፊት ለፊት መጫወት። ሦስቱን በአንድ ጊዜ ከጀመርሽ የትኛው እንደረዳሽ አታውቂም፤ ብዙ ጊዜም በአራተኛው ቀን ሁሉም ይቀራል።

ስለ እንቅልፍሽ። ጥያቄውን ሌሊት አትሥሪው። በቀን 20 ደቂቃ መድቢለት፤ ወረቀቱን አውጪ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ክደኚው። ማታ ሲመጣ «ነገ ሰዓት አለሽ» በዪው። ነገር ግን የሚሰማሽ ሐሳብ ብቻ ካልሆነ፣ ማለትም ራስሽን ከውጭ ሆነሽ የምታዪ፣ እጆችሽ የአንቺ ያልሆኑ፣ ዓለሙ ከመስታወት ጀርባ ያለ የሚመስልሽ ከሆነና እየተመላለሰ ከመጣ፣ ይህ ፍልስፍና የሚፈታው አይደለም። በሕክምና የታወቀ ሁኔታ ነውና የሥነ አእምሮ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሂጂ፤ ስትሄጂም እነዚህኑ ምልክቶች በቃልሽ ግለጪላቸው።

ለወንድምሽ መጀመሪያ ልክ የሆነበትን ስጪው፤ የ1725ቷ ሴት አንቺ አይደለሽም። ከዚያ የ1992ቱን ሽሎች ታሪክ ንገሪውና «ወዲያው ተወልደው በሌላ ዘመን ቢያድጉ ኖሮ ሌሎች ሰዎች ይሆኑ ነበር?» ብለሽ ጠይቂው። «አዎ» ካለ ትናንት በጊዜ ያለመተኛቱን ጸጸት እንዴት እንደሚያስረዳ ይንገርሽ። «አይ፣ እነሱው ናቸው» ካለ ደግሞ «የዘመንሽ ውጤት ነሽ» ያለውን በራሱ አፍ አንሥቶታል።